ብሪጅት የተባሉት እህቶች

በዛሬው እትማችን እንደ እናንተ ተሰደው በሰው ቤት ሠርተው ያደሩ ሴቶችን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። አገራቸው አየርላንድ ሲሆን የሠሩት በአሜሪካ ነው። ታሪኩ የሚያስመሰግን ክፍል አለው፤ የሚያሳፍርም ክፍል አለው። ሁለቱንም ሳንሸሽግ እንተርክላችኋለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1845 በአየርላንድ የድንች ማሳ በበሽታ ተመታ። ድሃው ገበሬ ከድንች ሌላ የሚቀምሰው አልነበረውም። መሬቱ የባለ ርስቶች ስለ ነበር ኪራይ መክፈል ያቃተው ከነልጆቹ ይባረር ነበር። ሕዝቡ እየተራበ እህልና ከብት በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ መሄዱ አልቆመም። ረሃቡ እስከ 1852 ሲዘልቅ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1847 በባሕር ላይ በተስቦ ያለቀው ሰው ብዛት መርከቦቹን «የሬሳ ሣጥን» አሰኝቷቸዋል።

ከስደተኞቹ መካከል ያላገቡ ወጣት ሴቶች ብዙ ነበሩ። ኒው ዮርክና ቦስተን ሲደርሱ ያገኙት ሥራ የቤት ሠራተኝነት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው እሳት ያነዳሉ፤ ውኃ ያመላልሳሉ፤ ያበስላሉ፤ ያጥባሉ፤ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ማታ ከጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ይተኛሉ። ብሪጅት በአየርላንድ የተለመደ የሴት ስም ነው። ብዙ አሠሪዎች ግን ሜሪም ትሁን ካትሪን ሠራተኛዋን ሁሉ «ብሪጅት» ይሏት ነበር። ስማችሁን ትታችሁ በሌላ ስም የምትጠሩ እህቶች ይህ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። «አየርላንዳዊት አትምጣ» የሚል የሥራ ማስታወቂያም በጋዜጣ ይወጣ ነበር።

እነርሱ ግን በርትተው ሠሩ። ምግብና ማደሪያ ከአሠሪ ስለነበር ደመወዛቸውን አጠራቀሙ። ለእናት ለአባት ላኩ፤ የመርከብ ቲኬት ቆርጠው ታናሽ እህታቸውን አስመጡ። በ1850 በኒው ዮርክ የስደተኞች ቁጠባ ባንክ ሲከፈት ገንዘባቸውን ካስቀመጡት መካከል የቤት ሠራተኞች ብዙ ነበሩ። በ1858 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ በ1879 የተከፈተው የኒው ዮርኩ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ሲሠራም የእነዚህ ሴቶች ሳንቲም አለበት። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግነው ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያችው አገር፣ በደቡብ ክፍል ሌላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። እርሷም ታበስላለች፤ ታጥባለች፤ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ነገር ግን ጥቁር ባሪያ ነበረች። ደመወዝ የላትም፤ ጌታዋን ትታ መሄድ አትችልም፤ የወለደችውን ልጅ ወስደው ቢሸጡባት የምትከስበት ዳኛ የለም። በ1860 በዚህ ሁኔታ የሚኖሩ ባሮች ወደ አራት ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ብሪጅት ብትበደል ሻንጣዋን ይዛ ሌላ ቤት ትገባለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነበር፤ ትልቅ ልዩነት ነው።

አሜሪካ በዚህ በባርነት ጉዳይ ለሁለት ተከፈለች። የደቡቡ ሀብት ባሮች የሚያመርቱት ጥጥ ነበር። በሰሜኑ ሥራው የሚሠራው በደመወዝ ነበር፤ ባርነት ወደ ምዕራቡ አዲስ መሬት እንዳይስፋፋም ብዙዎች ይታገሉ ነበር። በ1860 አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የደቡብ ክፍላተ ሀገር መገንጠል ጀመሩ፤ በኋላም አሥራ አንድ ደረሱ። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ወታደር አለቀ። በሰሜን በኩል ብቻ 150,000 ያህል የአየርላንድ ተወላጆች ተሰልፈዋል፤ በደቡብም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። በታኅሣሥ 1862 በፍሬድሪክስበርግ የአየርላንዳውያን ብርጌድ ወደ አንድ የድንጋይ አጥር ሲሮጥ፣ ከአጥሩ ጀርባ ሆነው ከተኮሱበት መካከል አየርላንዳውያን ይገኙ ነበር። ወንድም ወንድሙን ገደለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደሚያሳፍረው ክፍል መጣን። በ1842 የአየርላንድ ታላቅ መሪ ዳንኤል ኦኮኔልና ወደ 60,000 የሚሆኑ ያገሩ ሰዎች የፈረሙበት ደብዳቤ አሜሪካ ደርሶ ነበር። «ከጥቁሮቹ ጋር ወግኑ፤ ባርነትን ተቃወሙ» የሚል ነበር። ብዙዎቹ ስደተኞች አልተቀበሉትም። ፖለቲከኞችና ጋዜጦች «ባሮቹ ነፃ ከወጡ ወደ ሰሜን መጥተው በርካሽ ይሠራሉ፤ እንጀራችሁን ይቀሟችኋል» እያሉ ያስፈራሯቸው ነበር። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። አየርላንዳውያን ከመምጣታቸው በፊት በኒው ዮርክ ብዙው የቤት ሥራና የወደብ ሥራ የጥቁሮች እንጀራ ነበር። የተቀማው ማን እንደሆነ አስተውሉ።

በመጋቢት 1863 የግዳጅ ውትድርና ሕግ ወጣ። 300 ዶላር የከፈለ ግን ይቀርለታል። ይህ ገንዘብ የቀን ሠራተኛ ዓመት ሙሉ የሚለፋበት ነበር። ድሃው ቢቆጣ እውነት አለው። ነገር ግን ቁጣው በደለኛውን ትቶ ደካማው ላይ ወረደ። ከሐምሌ 13 ጀምሮ ለአራት ቀን ኒው ዮርክ ታመሰች። አብዛኞቹ አየርላንዳውያን የሆኑበት ሕዝብ ጥቁር ሰዎችን በየመንገዱ ደበደበ፤ ሰቀለ። የጥቁር ሙት ልጆች ማሳደጊያንም አቃጠለ። ውስጡ የነበሩት ከ200 በላይ ሕፃናት በጓሮ በር ወጥተው ተረፉ። በሁከቱ ከ100 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦችም ከተማዋን ጥለው ወጡ።

ሁሉም አየርላንዳዊ ግን እንዲህ አልነበረም። ሁከተኛውን ለማስቆም ከተሰለፉት ፖሊሶች ብዙዎቹ አየርላንዳውያን ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ተለይተው የቀሩ ሕፃናትን አንድ አየርላንዳዊ ከጋሪ ነጂዎችና ከእሳት አጥፊዎች ጋር ሆኖ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዳደረሳቸው ይነገራል። ያም ሰው ድሃ ስደተኛ ነበር።

በ1865 ባርነት በሕግ ተሻረ። የተፈራው ነገርም አልደረሰም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የሰሜን ከተሞች የቤት ሠራተኛ ብሪጅት ነበረች። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ላልመጣ ነገር ነው።

እህቶቻችን፣ ይህን የጻፍነው እነዚያን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ረሃብና ንቀት የቀመሰ ሰው ለተናቀው ሁሉ ያዝናል ብለን እናስባለን፤ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም። «ደመወዛችን ያነሰው በፊሊፒኗ ነው፣ በባንግላዴሿ ነው» ሲባል ሰምተናል፤ እኛም ብለን እናውቅ ይሆናል። ደመወዙን የሚወስነው ግን ከጎናችሁ ሆና የምታጥበው አይደለችም። ይህ ቃል ደግሞ ሲነገር ብሪጅትን አስታውሷት።