ኮሌስትሮልን የሚሸከሙት የደማችን ፕሮቲኖች

በምዕራብ ሸዋ የአዳ በርጋ ወረዳ ከተማ በሆነችው እንጭኒ፣ እንደ ብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን ሁሉ፣ ቅቤ የእንግዳ ማክበሪያ ነው። በዒድ ማለዳ ጨጨብሳው ያለ ቅቤ ቢቀርብ እናቶች ያፍራሉ። ታዲያ ከአንድ ገበታ ከሚበሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ጤነኛ ሆኖ ሲሸመግል፣ ሌላው ገና በአርባ ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት ሊወድቅ የሚችለው ለምንድን ነው? መልሱ ከምግቡ ብቻ ሳይሆን በደማችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖችም ይገኛል።

ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን ለሕዋሳቱና ለሆርሞኖቹ ይፈልገዋል፤ አብዛኛውንም የሚያመርተው ራሱ ነው። ሆኖም ቅባት ከውኃ እንደማይዋሐድ ሁሉ ኮሌስትሮልም በደም ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ፕሮቲኖች ተሸክመውት ይዞራሉ። «አፖ ቢ» የተባለው ፕሮቲን ኤልዲኤል የሚባለውን ጭነት ይይዛል። ይህ ጭነት ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተከማቸ ሥሩን ያጠባል። «አፖ ኤ አንድ» ደግሞ ኤችዲኤል ከሚባለው ጋር ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል።

ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣው በላዩ ባሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ነው። የእነዚህን ተቀባዮች ምስጢር የገለጡት አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቅቤና ጮማ ሲበዛ የተቀባዮቹ ሥራ ይዳከማል። ፒሲኤስኬ9 የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ተቀባዮቹን ያጠፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ፕሮቲን በተፈጥሮ የጎደላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ፣ የልብ ሕመም አደጋቸውም በ88 በመቶ ያነሰ ነበር።

በአንጻሩ ተቀባዮቹ በውርስ ጎደሎ የሆኑባቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ቀጭንና ታታሪ ቢሆንም ኤልዲኤሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ከፍ ያለ ነው። ጉድለቱ ከአንድ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም ግማሽ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለው ግን ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ቁጥር ብቻ አይቶ መጽናናት አይበቃም፤ ስንመረመር ኤልዲኤሉንና ኤችዲኤሉን ለይተን እንጠይቅ።

ቅቤን ጨርሰን እንተው አንልም፤ በየዕለቱ ከማብዛት ግን እንቆጠብ። ሽሮና ምስር፣ ጎመንና የእግር ጉዞ ለልብ ይበጃሉ። ሲጋራም ይቅር። ከሁሉ በላይ፣ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም ከተያዙ ወይም ከሞቱ፣ ልጆችና ወንድማማቾች ሳይታመሙ ይመርመሩ። ጉድለቱ በጊዜ ከታወቀ የጉበትን ተቀባዮች የሚያበዙ፣ ስታቲን የሚባሉ እንክብሎች አሉ፤ ሐኪም ያዛቸዋል። ሐዘን በቤታችን ከመግባቱ በፊት በቤተሰብ መካከል እንነጋገርበት።