ጀልባን በሐይቁ ውሃ ስለ ማጠብ

የጣና ሐይቅ በዳርቻው ለሚኖረው ሕዝብ በዓሣውም በመጓጓዣውም ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን እንቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስቸግሯል። አረሙ ከተቈረጠ ቅንጣቢው እንደ ገና ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቈያል። ስለዚህ በመልሕቅና በመረብ የተጣበቀ ጭቃ ንጹሑን ዳርቻ ሊያበላሽ ይችላል።

ለዚህ አንዱ መከላከያ በትንሽ ጀልባ ላይ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ መትከል ነው። ፓምፑ በ12 ቮልት ባትሪ ኀይል የሐይቁን ውሃ ከጀልባው ሥር ይስባል፤ በወንፊትም አሳልፎ በጎማ ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ መዝጊያ ማድረግ ግድ ነው፤ ያለዚያ ቱቦው የተፈታ እንደ ሆነ ጀልባው ይሰጥማል። በባትሪው ሽቦም ላይ ፊውዝ ይደረጋል።

መልሕቁ የሚታጠበው ከተነሣበት ስፍራ ሳይርቅ ነው፤ ወደ ሌላ ወደብ ወስዶ ማጠብ አረሙን መዝራት ነውና። ወንፊቱም በዚያው ይጸዳል። ይህ ውሃ ያልተጣራ ስለ ሆነ ለመጠጥም ለምግብ የሚሆነውንም ዓሣ ለማጠብ አይገባም።

ፓምፕ ለመግዛት ዐቅም ለሌለው ባልዲና መጥረጊያ ይበቃዋል። የወረዳ ሹማምንትም በየወደቡ ይህን ሥርዐት ቢያስጠብቁ፥ ንጹሕ የቀረው ዳርቻ ንጹሕ ሆኖ እንዲቈይ ይረዳሉ።