የመቻራ ዋሻዎችና የዋልታው በረዶ

የጥንት አየር ንብረት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አንታርክቲካ ነው። ይገባዋልም። ቮስቶክ ጣቢያ በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ደርሷል፤ የአህጉሩ መሀል በዝናብ ልክ ከታየ ግን በረሃ ነው። የሚወርደው ጥቂት አመዳይ ስለማይቀልጥ ዓመት በዓመት ላይ ይከመራል፤ የየዘመኑንም አየር በደቃቅ አረፋ አፍኖ ያስቀራል። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ የወጣው የበረዶ ዓምድ 800 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ይሁንና የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ዝናቡ በስንት ዓመት እየተመላለሰ እንደሚሳሳ ቢጠይቅ፣ በረዶው መልስ የለውም። ለዚህ ከጭሮ በስተደቡብ ያሉት የመቻራ ዋሻዎች ይሻላሉ ባይ ነኝ።

የዝናብ ውሃ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲሰርግ የበሃ ድንጋዩን ያሟሟል። ዋሻው ውስጥ ሲንጠባጠብ ጋዙ ይለቀዋል፤ የሟሟው ማዕድን ወለሉ ላይ እየረጋ ስታላግማይት የሚባለውን ዓምድ ያሳድጋል። ዓምዱ ቁመቱን ተሰንጥቆ ሲወለወል ከሚሊ ሜትር ያነሱ ንብርብሮች ይታያሉ። መቻራ ዝናብና ደረቅ ወራት ስለሚፈራረቁባት፣ ከዋሻዎቿ በወጡ ዓምዶች ላይ አንዱ ንብር አንድ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል። ዕድሜውን ደግሞ ከውሃው ጋር የገባው ዩራኒየም ወደ ቶሪየም የተለወጠበት መጠን ይናገራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዲህ ያሉ ዓምዶችን አንብበዋል። የዛሬ 5 ሺህ ዓመት ገደማ ካደገው ከአንዱ ላይ፣ ዝናቡ በአሥርት ዓመታት ልክ ሲበዛና ሲያንስ እንደነበር ታይቷል። ድርቅን የሰሞኑ ብቻ ጉዳይ አድርገን ለምናወራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ዓምድ የአንድ ጠብታ ታሪክ ነው፣ ውሃውም ድንጋዩ ውስጥ ቆይቶ ስለሚደባለቅ የአንዱ ዓመት ድርቅ ሊደበዝዝ ይችላል የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው። ስለዚህም የበርካታ ዋሻ ዓምዶችን ማስተያየት፣ በቅርቡ ያደገውንም ከዝናብ መለኪያ መዝገብ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል። በረዶው የጥንቱን አየር ራሱን ይዟል፣ ድንጋዩ አልያዘም የሚለውም ትክክል ነው፤ ግን አየሩ የዓለም ሁሉ ነው፣ ዝናቡ ግን የየሀገሩ። በረዶማ እኛም ነበረን፤ ከ40 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት በፊት የባሌ ተራሮች ግግር በረዶ ለብሰው ነበር። ቀልጦ ሲያልቅ እየገፋ ያመጣውን ቋጥኝ ትቶ፣ የየዓመቱን ንብር ይዞ ሄደ። የመቻራው ድንጋይ አይቀልጥም፤ ሲሰበር ግን አንድ ስንዝር መልሶ ለማደግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል።