የአንድ ታላቅ መደብር አፈራረስ

በአሜሪካ አገር በዲትሮይት ከተማ፣ ቁመቱ ከ130 ሜትር በላይ የነበረው የሐድሰን መደብር በ1975 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ ለብዙ ዘመን ባዶውን ቆሞ ኖረ። ጥቅምት 14 ቀን 1991 ዓ.ም. በፈንጂ ሲፈርስ ሕዝቡ የተመለከተው የጥቂት ሴኮንድ ነገር ነበር፤ ዝግጅቱ ግን ወራት ፈጅቷል።

እንዲህ ያለውን ሕንፃ የሚጥለው የራሱ ክብደት ነው፤ የፈንጂው ተግባር ዓምዶቹን መቁረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ሸክሙን የያዘውን ዓምድ ሁሉ መርምረው ከለዩ በኋላ፣ 12 ሠራተኞች በ24 ቀን 4,118 የፈንጂ ጥቅል በ1,100 ስፍራ አጠመዱ። የሁሉም ክብደት ተደምሮ 1,240 ኪሎ ግድም ብቻ መሆኑ ያስገርማል። ጥቅሎቹም ባንድነት አይፈነዱም፤ ፍርስራሹ ወደ ገዛ ቦታው እንዲወድቅ በሴኮንድ ክፋይ ይቀዳደማሉ።

ከሁሉ የሚያሠጋው የጎረቤት ንብረት ነው። በዚህ ሙያ እንደ ተለመደው፣ ካሳ የተጠየቀ እንደ ሆነ አዲሱ ስንጥቅ ከአሮጌው እንዲለይ በአካባቢው ያሉ ግድግዳዎች አስቀድመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከንቱ ድካም አይደለም፤ በዲትሮይትም ይህን ያህል ተጠንቅቀው ሳለ፣ ከመደብሩ አጠገብ በከፍታ ላይ የተዘረጋው የከተማው ባቡር ሐዲድ በፍርስራሹ ተጎድቷል።