ከሊጉ ግርጌ እስከ ዋንጫ፦ አሰልጣኝና ተጫዋች ሲግባቡ

ስፖርት ወዳድ ወጣቶቻችን አንድ ቡድን በተደጋጋሚ ሲሸነፍ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ጥያቄ «አሰልጣኙ ለምን አይባረርም?» የሚል ነው። ለመሆኑ አሰልጣኝ መለወጥ ብቻውን ቡድን ያድናልን? ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካው የሴንት ሉዊስ ብሉስ የበረዶ ሆኪ ቡድን እ.ኤ.አ በ2018-19 ያሳለፈው የውድድር ዘመን ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ስላገኘነው ልናወጋችሁ ወደድን።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ እንግለጸው። በዱላ የሚጫወቱት በመሆኑ የአገራችንን የገና ጨዋታ ያስታውሳል። ሜዳው ግን በረዶ ነው፤ የሚመታውም ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል። ሩጫው እጅግ አድካሚ ስለሆነ ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው ወጥተው በሌሎች ይተካሉ። አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ዞሮ ሳያይ ማወቅ ይኖርበታል። ማንን ከማን ጋር ማጣመር እንደሚገባ ማወቅ የአሰልጣኙ ትልቅ ፈተና ነው።

ብሉስ በ1967 ከተመሠረተ ጀምሮ ስታንሌይ ካፕ የተባለውን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሳም ነበር። በ2018 ክረምት አዳዲስ ተጫዋቾች አስመጣ። ከነዚህም አንዱ ራያን ኦራይሊ ነበር። ይህ ሰው በቀድሞው ቡድኑ በቡፋሎ ከሊጉ መጨረሻ በወጡበት ዓመት፣ ለጨዋታው ያለው ፍቅር አልፎ አልፎ እንደጠፋበት በግልጽ ተናግሮ ነበር። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ቡድን ግን ካደረጋቸው 19 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሰባቱን ብቻ ሆነ። በኅዳር ወር አሰልጣኙ ማይክ ዮ ተሰናበተና ክሬግ ቤሩቤ በጊዜያዊነት ተተካ።

ቤሩቤ ራሱ ከ1,000 በላይ ጨዋታ የተጫወተ፣ በተጫዋችነቱ ዘመንም በድብድብ የታወቀ ሰው ነው። በአሰልጣኝነቱ ግን ንግግሩ አጭርና ግልጽ ነበር፤ የተበሳጨበትን ተጫዋች ፊት ለፊት ያነጋግራል፣ የሚፈልገውም ቀጥተኛና ብርቱ አጨዋወት ነው። ታዲያ ተአምር ተፈጠረ? አልተፈጠረም! እንዲያውም በታኅሣሥ ወር ሮበርት ቦርቱዞና ዛክ ሳንፎርድ በልምምድ ላይ ቡጢ ተሰናዘሩ። ሳንፎርድ አባቱን በሞት ካጣ ገና ሦስት ወሩ ነበር። በጥር 3 ቀን 2019 ማለዳ ብሉስ በ34 ነጥብ ከ31 ቡድኖች የመጨረሻው ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብዙዎች አሰልጣኙ እንደገና እንዲለወጥ በጠየቁ ነበር። እኛ በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን ይህን ሁኔታ እናውቀዋለን፤ አዲስ መምህር ክፍል በገባ በማግስቱ ውጤት አይመጣም፣ ተማሪዎቹ የሚናገረውን ከማመናቸው በፊት ሰውየውን ያጠኑታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው አስገራሚ ነው። ጆርዳን ቢኒንግተን የተባለ፣ ለዓመታት በታችኛው ሊግ የቆየ በረኛ በጥር 7 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ አንድም ግብ ሳይገባበት ወጣ። ቡድኑ በተከታታይ 11 ጨዋታዎችን አሸነፈ። ከቀሩት 45 ጨዋታዎች 30ውን ረትቶ በ99 ነጥብ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ። የበረኛው መገኘት ዕድል ነው የሚል ቢኖር አንከራከረውም። ይሁን እንጂ ዕድል ብቻውን በግንቦት ወር የሆነውን አይገልጽልንም።

በዚያ ወር ከሳን ሆዜ ጋር ባደረጉት ሦስተኛ ጨዋታ፣ በተጨማሪው ሰዓት የተጋጣሚው ተጫዋች በእጁ ያቀበለው ወደ ግብ ተለወጠ። ስህተቱ ግልጽ ቢሆንም ዳኞቹ አጸደቁት። ቤሩቤ ተቆጥቶ ዳኞቹን ቢወነጅል ኖሮ ተጫዋቾቹም ይከተሉት ነበር ብለን እናምናለን። እርሱ ግን ማማረሩን ትቶ ስለሚቀጥለው ጨዋታ እንዲያስቡ አደረገ። ቀጥለው የተደረጉትን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ብሉስ አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን 5 ለ 0 እና 5 ለ 1።

በሰኔ 12 ቀን ቦስተን ላይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ 4 ለ 1 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ። ቢኒንግተን 32 ኳስ አዳነ (ኳስ ማለታችን ያችን ጠፍጣፋ ጎማ ነው)። የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው ኦራይሊ ሲሆን የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። አራተኛውንስ ማን አገባው? በታኅሣሥ ቡጢ የተሰናዘረው ሳንፎርድ! ቦርቱዞም ቢሆን ሳን ሆዜ የተረታበትን የሁለተኛውን ጨዋታ ወሳኝ ግብ ያስቆጠረ ነው። በልምምድ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ቡድን ያፈርሳሉ የሚለው አነጋገር በነዚህ ላይ አልሠራም፤ የሚያስታርቃቸው የጋራ ሥራና ጠቡን እንደ ትልቅ ነገር የማያራግብ አለቃ ነበራቸውና።

ስለ ቤሩቤ ስናወራ የኋላውንም መደበቅ አይገባንም። የቡድኑ አምበል አሌክስ ፒየትራንጄሎ በ2020 ለቀቀ፣ ኦራይሊም በየካቲት 2023 ወደ ቶሮንቶ ተላለፈ። ውጤቱ እየቀነሰ ሄዶ በታኅሣሥ 2023 ያው ብሉስ ቤሩቤን አሰናበተው። በተከታዩ ዓመት በግንቦት ወር የቶሮንቶ ቡድን በአሰልጣኝነት ቀጠረው፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑም ምድቡን በአንደኝነት አጠናቀቀ።