ባትሪው ሞተ ከማለታችሁ በፊት

ገራዶ ላይ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ ድርግም ካለ፣ ባለቤቱ «ቻርጅ አይዝም» ይላል፤ በማግስቱ ደሴ ወጥቶ ባትሪ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ባትሪው አርጅቷል። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ከቻርጀሩ ነው፤ የባትሪው ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። ለመምህርም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ስንሠራበት ይመለሳል። በየምልልሱ ግን ጥቂቱ ዋልታው ላይ በሚጋገረው ስስ ሽፋን ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልቶ ያለቀ ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ቢወርድ የሚያስደንቅ አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ደግሞ የዚህን ዕድሜ አጋማሽ ሌላ ሰው ጨርሶለት ሊሆን ይችላል።

ከምልልሱ የባሰው ሙቀት ነው። ሙሉ ለሙሉ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት ዓመት የተቀመጠ ባትሪ የአቅሙን አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ በ40 ዲግሪ ከሆነ ጉዳቱ ከሲሶ ይበልጣል። በዚህ በኩል የደሴና የገራዶ ብርድ ከኮምቦልቻ ሙቀት ይልቅ ለባትሪ ይስማማል። ችግሩ ብርዱን ሽሽት አልጋ ውስጥ ገብተን ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ ስናስቀምጠው ነው፤ የአየር መውጫው ይታፈንና ባትሪው ከታች ይጋላል።

ፍተሻው ከቻርጀሩ ይጀምር። ሌላ ሶኬት ሞክሩ፤ ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳልተሰበረ እዩ። የዴል ቻርጀር መሰኪያ መሐል ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ዓይነት ለላፕቶፑ ትነግራለች። እሷ ከተሰበረች ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፤ ብዙ ጤነኛ ባትሪ በዚህ ይታማል። ሁልጊዜ 60 ወይም 80 በመቶ ላይ የሚቆም ከሆነም አትደንግጡ፤ ዕድሜውን ለመጠበቅ የተቀመጠ ገደብ ሊሆን ይችላል፣ ሌኖቮ ላይ የተለመደ ነው። ከ40 በመቶ በአንዴ ወደ 5 የሚወርድ ከሆነ ቆጣሪው ስቶ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ሞልታችሁ፣ እስኪጠፋ ሠርታችሁ፣ እንደገና ሙሉት። ካልተስተካከለ ባትሪው ውስጥ ካሉት ሴሎች አንዱ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ቁርጡን የሚናገረው ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ነው፤ ባለሙያውን በኮማንድ ፕሮምፕት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ፦ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 20,000 ከሆነ የቀራችሁ 40 በመቶ ነው። እኔ ከግማሽ በታች ለወረደ ባትሪ ቀይሩት እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

ስትገዙ የሞዴል ቁጥሩና ቮልቱ ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ባትሪም ያረጃል፣ ስለዚህ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። እዚያው አስገጥማችሁ፣ ሞልታችሁ፣ ሪፖርቱን ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ኪቦርዱ ወይም የማውሱ ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ ባትሪው አብጧል። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ላፕቶፑን አጥፉ፣ በሚቀጣጠል ነገር አጠገብ አታስቀምጡት። ያሳበጠው ጋዝ ይውጣ ብላችሁ በመርፌ እንዳትወጉት፤ ሊነድ ይችላል። አውጥቶ መለወጥ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የወጣውንም ለልጆች መጫወቻ አትስጡ፣ እሳት ውስጥም አትጣሉ።