የራዲዮ ሞገድና የቡና አገር ስልክ

ተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅንና ጽሕፈትን ሥዕልንም ያለ ሽቦ የሚያደርሰው በራዲዮ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን እንደ ብርሃን በ1 ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1 ሴኮንድ ውስጥ የሚርገበገብበትም ቁጥር ድግግሞሽ ይባላል፤ 1 ሚሊዮን ጊዜ ቢርገበገብ 1 ሜጋኸርዝ ተብሎ ይቈጠራል።

በአንድ ሸንጎ ሁለት ሰዎች ባንድነት ቢናገሩ ሰሚው የሁለቱንም ቃል ሊለይ አይችልም። እንዲሁም ሁለት የስልክ ድርጅቶች በአንድ ሥፍራ በአንድ ድግግሞሽ ቢሠሩ አንዱ ሌላውን ያውካል። ስለዚህ ድግግሞሹ እንደ መስኖ ውሃ በድርሻ ይከፈላል። ለመንግሥታት ሁሉ የሚሆነው ደንብ የሚወሰነው በ1857 ዓ.ም. በፓሪስ በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ድርሻውን የሚያከፋፍለው ግን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሲጀመር ዋናው ሥራው ቃልን ማድረስ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ተጨመረበት፤ በ2013 ዓ.ም. በቴሌብር ገንዘብ መላክ ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሥራውን ከፈተ። አንድ ሰው የሚመለከተው ተንቀሳቃሽ ሥዕል የብዙ ሰዎችን ንግግር ያህል ሞገድ ይፈጃል፤ ተመልካቹም በበዛ መጠን ለያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል።

በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት በጌራም ምድር፣ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ አገሩ ኮረብታማ ነውና፣ ቡናውም በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላልና። እንደ 800ና እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ሩቅ ይደርሳል፤ ቅጠሉንም በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፤ ነገር ግን የሚገኘው ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ አይሸከምም። ከ1,800 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ያለው ብዙ ይሸከማል፤ ዳሩ ግን ርቆ አይሄድም። ስለዚህ ከፍተኛው ለከተማ፣ ዝቅተኛው ለገጠር ይስማማል።

የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በየቀኑ ይለዋወጣል። የዕለቱን ዋጋ በስልክ የሰማ ገበሬ ከነጋዴ ጋራ ዐውቆ ይዋዋላል፤ ሞገዱ ያልደረሰው ግን የተነገረውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። እንግዲህ አስተማሪ ይህን ለልጆች ቢያስረዳ፣ ሽማግሎችም የአንቴና ማማ የሚተከልበት ሥፍራ ሲመከር የትኛው ኮረብታ የትኛውን መንደር እንደሚጋርድ ቢያመለክቱ፣ ለአገራቸው ትልቅ ጥቅም ያደርጋሉ።